የወጋው መዝግቧል፤ የተወጋውስ?

ነገሌ ቦረናን ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በጥር 1966 ዓ.ም. በተነሣው የወታደሮች አመጽ ነው። የአብዮቱ ዋዜማ በተተረከ ቁጥር ስሟ ከፊት ይጠራል። ከዚያ አመጽ 38 ዓመት ቀደም ብሎ ነገሌና ከእሷ በታች እስከ ዶሎ ያለው ቆላ የደረሰበት መከራ ግን እምብዛም አይወራም። የ1928ቱን ጦርነት ስናነሣ ልባችን ወደ ማይጨው፣ ወደ ተንቤንና ወደ ሽሬ ይሄዳል። ራስ ደስታ ዳምጠው ከይርጋለም ተነሥተው የመሩት የደቡብ ጦር፣ ገናሌ ዳር የረገፈው ሠራዊት፣ መልካ ዲዳ ላይ በቀይ መስቀል ድንኳን ተኝቶ ሳለ የተደበደበው ቁስለኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህን ጉድለት ከሚሞሉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ የራይነር ባውደንዲስቴል መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በቦምብና በበጎ ሐሳብ መካከል» የሚል ሲሆን፣ በኢጣሊያና በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ ቀይ መስቀል የነበረውን ድርሻ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በርግሃን የተባለው አሳታሚ በእንግሊዝኛ አውጥቶታል።

ደራሲው የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ የሚመረምሩት የራሳቸውን ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚሁ ኮሚቴ መጽሔት ላይ ስለ መርዝ ጋዙና ኮሚቴው ስለያዘው አቋም አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። መጽሐፉ ያንን ጅምር አስፍቶ ሆስፒታሎችን፣ የአምቡላንስ ቡድኖችን፣ ምርኮኞችንና የአየር ድብደባውን ሁሉ ያጠቃልላል። የጄኔቫን መዛግብት ከኢጣሊያ ሰነዶች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነብባሉ፤ የሥራው ጉልበትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ ለዓለም የተናገረውና ለአለቃው የጻፈው ሲተያዩ እውነቱ ከመካከላቸው ይወጣል።

የመጽሐፉን ክብደት ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከነገሌ ወደ ዶሎ የሚወርደው ምድር ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ሜዳው የተንጣለለ ቆላ ነው። በበጋ አስተማማኝ ውኃ የሚገኘው ገናሌና ዳዋ ላይ ነው። ሰውም፣ ከብትም፣ ዘማችም ከወንዝ አይርቅም። ይህ ለእግረኛ ሠራዊት ወጥመድ ሲሆን ለአብራሪ ደግሞ ፍለጋውን ያቀልለታል፤ ጦሩን ለማግኘት ወንዙን ተከትሎ መብረር ይበቃዋል። የራስ ደስታ ሠራዊት ከደጋ ወርዶ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ስንቁ መንገድ ላይ አለቀ፤ ወባና ተቅማጥ ከጥይት በፊት ቀደሙት። በማዶ በኩል የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ከሶማሊያ ሆኖ የጭነት መኪና፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪና በጄኔራል ፌሩቾ ራንዛ የሚታዘዝ የአየር ኃይል አሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ለዚህ ሠራዊት የሚመጣበትን አውሮፕላን መመከቻ ቀርቶ ቁስለኛውን የሚያነሣለት እንኳ ጥቂት ነበር። ያ ጥቂት የስዊድን ቀይ መስቀል የላከው የአምቡላንስ ቡድን ነው።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣሊያዊ አብራሪ ደገሐቡር አካባቢ ከነአውሮፕላኑ ወረደና ተገደለ። አንገቱ ተቆረጠ የሚለው ወሬ ግራዚያኒ ዘንድ ደረሰ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ የኢጣሊያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ገናሌ ዳር መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረውን የስዊድን አምቡላንስ ደበደቡት። ድንኳኖቹ የቀይ መስቀል ምልክት ነበራቸው። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሒላንደር ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ ረዳት በቁስሉ ሞተ፤ ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ። መድኃኒቱም መሣሪያውም ወደመ። ከሰማይ የወረደው ቦምብ ብቻም አልነበረም። ከአብራሪዎቻችን የአንዱን ራስ ቆርጣችኋልና የእጃችሁን ታገኛላችሁ የሚል መልእክት ያለው፣ በግራዚያኒ ስም የወጣ ወረቀትም ተበትኗል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ካርታውን ቢያይ መልካም ነው። ደገሐቡር ያለችው በኦጋዴን ነው፤ የዚያ ግንባር አዛዥ ደጃዝማች ነሲቡ ነበሩ። መልካ ዲዳ ያለችው ገናሌ ላይ ሲሆን ጦሩ የራስ ደስታ ነው። በሁለቱ መካከል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቆላ ተዘርግቷል። መልካ ዲዳ ላይ የተኛው ቁስለኛ የሚኒቲን ስም የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም። በቀሉ የወደቀው ባላየውና ባልሰማው ሰው ላይ ነው። በአንድ ግንባር ለተፈጸመ ድርጊት የሌላውን ግንባር ታካሚ ማስከፈል በየትኛውም የጦር ሕግ መልስ የለውም። ኢጣሊያም ሆነች ኢትዮጵያ ቁስለኞችን የሚጠብቀውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀብለው ነበር።

ታዲያ ማን አዘዘ? ማንስ አወቀ? ባውደንዲስቴልን ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ጥያቄ ነው። ከድብደባው ሁለት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 22፣ የኢጣሊያው መሪ ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የበቀል ድብደባውን አጽድቋል፤ ገና የሚመጡትንም አስቀድሞ ባርኳል። ያከለው ማሳሰቢያ የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ተቋማት እንዳይነኩ ለመጣር ያህል ነው። እኔ ይህንን ሳነብ የሚታየኝ የፖለቲካ ስሌት ነው። የስዊድን ሕዝብ ተቆጥቷል፤ የአውሮፓ ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ተጨመረ። ስለ ኢትዮጵያዊው ታካሚ የታሰበ ነገር የለበትም። በራሪ ወረቀቱን፣ የቀኑን ቅርበትና ከሮም የመጣውን ማጽደቂያ በተርታ ላስቀመጠ ሰው «ምልክቱ አልታየንም» የሚለው ክርክር መቆሚያ ያጣል።

መጽሐፉ ስለ አየር ኃይሉ እንድናስብ የሚያደርገን ሌላም ነገር አለ። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለብቻው አይነሣም። ከመነሣቱ በፊት መሬት ላይ ያለ መካኒክ ሞተሩን ይፈትሻል፤ የጦር መሣሪያ ክፍሉ ቦምቡን ቆጥሮ ይጭናል፤ የመረጃ መኮንኑ ትናንት የተነሣውን ፎቶግራፍ ዘርግቶ ዒላማውን ያመለክታል፤ አዛዡ ይፈርማል። አብራሪው ሲመለስም ያየውንና የጣለውን ጽፎ ያስረክባል። ቀይ መስቀሉ ያለበት ሜዳ ዒላማ የሚሆነው በእነዚህ ሁሉ እጅ አልፎ ነው። እያንዳንዱ የድርሻውን ሠርቶ ኃላፊነቱን ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ በመጨረሻ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው አይገኝም። ባውደንዲስቴል በትእዛዝና በደብዳቤ ላይ መሠረታቸውን መጣላቸው ይህንን ሰንሰለት ከላይ ጫፉ በኩል ለመያዝ አስችሏቸዋል።

የሰንሰለቱ የታችኛው ጫፍ፣ ማለትም በአውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች፣ ግን የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው። ጽሑፍ ጠፍቶ አይደለም። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በሰሜኑ ግንባር ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 «በአምባዎች ላይ በረራ» በሚል ርእስ ትዝታውን አሳትሟል። የሙሶሊኒ አማች ጋሌያሶ ቻኖ «ላ ዲስፔራታ» የተባለውን የቦምብ ጣዮች ጓድ መርቷል። ስለዚያ ጓድም አሌሳንድሮ ፓቮሊኒ መጽሐፍ ጽፏል። ቪቶሪዮ ድብደባውን እንደ ስፖርትና እንደ ጨዋታ ሲተርክ ከታች የሚሸሸው ሰው ፊት የለውም፤ ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። ይህንን የአብራሪዎቹን አእምሮ ከግራዚያኒ ትእዛዝ ጋር አቀናጅቶ የሚያነብ ምዕራፍ ቢኖር መጽሐፉ ምን ያህል በበለጸገ ነበር! ትእዛዝ ብቻውን ሰው አይገድልም። ትእዛዙን ተቀብሎ ያለ ጥያቄ የሚፈጽም ወጣት ያስፈልገዋል፤ ያ ወጣት እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ የዚህ ታሪክ ግማሽ ነው።

ስለ መርዝ ጋዙ የሚተርከው ክፍል ጠንካራ ነው። የደቡቡ ግንባር በዚህ ረገድ ከሰሜኑ አልዘገየም። ሙሶሊኒ ጋዝ በመጨረሻ አማራጭነት እንዲጠቀም ለግራዚያኒ የፈቀደለት ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ ውስጥ ማለት ነው። በታኅሣሥ ወር በገናሌና በዶሎ መካከል ያለው የራስ ደስታ ሠራዊት የጋዝ ቦምብ ወርዶበታል። «ሲ 500 ቲ» የተባለው ትልቁ ቦምብ በውስጡ 212 ኪሎ ግራም ያህል ይፔሪት ይይዝ ነበር። ይፔሪት ቅጠል፣ ሣርና አፈር ላይ የሚቀር ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው፤ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ዘማች ያቆስላል፤ በሣሩ የተሰማራውን ከብት ይገድላል። ወንዝ ዳር ካልሆነ ውኃ በሌለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለቦረናና ለጉጂ አርብቶ አደር ማስረዳት አያስፈልግም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ደራሲው ምርመራቸውን በኢጣሊያ ላይ ብቻ አላቆሙም። የጄኔቫው ኮሚቴ ልዑካን የነበሩት ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ጁኖ ያዩትን ለአለቆቻቸው ጽፈዋል። ጁኖ ኮረም አካባቢ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይናቸው አይተዋል። የመንግሥታቱ ማኅበር ማስረጃ ሲጠይቅ ግን ኮሚቴው የያዘውን አሳልፎ አልሰጠም፤ ምክንያቱም ገለልተኛነቴ ይነካል የሚል ነበር። ብራውን እ.ኤ.አ. በ1936 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ገለልተኛነት ቁስለኛን ለማዳን የተበጀ ሥርዓት ነው፤ ቁስለኛው ሲደበደብ ለዝምታ ሽፋን ከሆነ ግን ዓላማውን ስቷል። በዚህ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህንን ታሪክ አፍረጥርጦ መጻፉ ትልቅ ክብር የሚገባው ድፍረት ነው።

ሚዛናዊነቱም የሚመሰገን ነው። በኢትዮጵያ በኩል የቀይ መስቀል ምልክት ያለ ቦታው ውሏል የሚለውን የኢጣሊያ ክስ ደራሲው ዘልለው አላለፉትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ሲሆን፣ ጄኔቫ ዕውቅና የሰጠችው መስከረም 15 ቀን 1928 ነው። ወረራው የተጀመረው ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን ነው። ምልክቱን ስለማክበር ያን ሁሉ የገጠር ዘማች ለማስተማር የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ይህ ጉድለት በሐቅ መመዝገቡ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ክሱ እስከ ዛሬ ለመልካ ዲዳ ማስተባበያ ሆኖ ይቀርባል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ያላግባብ የተሰቀለ ምልክት ስሕተት ነው፤ በሕጉ መሠረት በተሰቀለው ላይ ቦምብ መጣል ወንጀል ነው። ደሴ ኅዳር 26 ቀን፣ የእንግሊዙ የዶክተር ጆን ሜሊ አምቡላንስ ደግሞ ኮረም አቅራቢያ የካቲት 25 ቀን መደብደባቸው ሲታከልበት መልካ ዲዳን የአጋጣሚ ጉዳይ ማድረግ ይከብዳል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከበድ ይላል። የመጽሐፉ ሚዛን ወደ ጄኔቫና ወደ ሮም ያዘነብላል። የባዕዳን ሐኪሞች ስም፣ ፊትና ደብዳቤ አላቸው፤ ድንኳን ውስጥ ያለቁት ኢትዮጵያውያን ግን በአብዛኛው ቁጥር ሆነው ይቀራሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እዚህ ግን የወጋው ጽፎ፣ ማኅተም አትሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ አስቀምጧል፤ መዝገብ ያጣው የተወጋው ነው። ለዚህ ደራሲውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሰነድ ተከትሎ የሚሄድ ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ወዳለበት መሄዱ የታወቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ትዝታ» መጽሐፋቸው የሽሬውን ግንባር በዓይን ምስክርነት አቆይተውልናል። የገናሌውን ዘማች፣ ያስጠጋውን አርብቶ አደር፣ ድንኳን የተከለውን የአምቡላንስ ሠራተኛ ታሪክ በዚያ መጠን ጽፎ የሚያቆይ ያስፈልጋል።

የገናሌው ውጊያ ፍጻሜ በጥር ወር መጣ። ግራዚያኒ ጥር 3 ቀን ከዶሎ ተነሥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ገሠገሠ፤ ከላይ አውሮፕላን ይቀድመዋል፣ ከታች የጄኔራል ቤርጎንዞሊ ተሽከርካሪዎች ይከተላሉ። ነገሌ የገባው ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ዕለት ነበር። በሌላ ዓመት ታቦት የሚወጣበትና ውኃ የሚባረክበት ቀን፣ በዚያ ዓመት በውኃ ጥምና በቦምብ የተፈታ ሠራዊት በገናሌና በዳዋ ዳር ተበትኖ የዋለበት ቀን ሆነ። ራስ ደስታ ትግላቸውን ሳያቆሙ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጉራጌ ምድር ተይዘው ተረሸኑ።

ከዚያ በኋላ ስም የማቆየቱ ሥራ ተጀመረ። ግራዚያኒ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ለአንድ ሰርጓጅ መርከብ «ነገሌ» የሚል ስም አወጣ። የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዛሬ በቲቶ ሚኒቲ ስም ይጠራል። ለግራዚያኒም እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። በሌላው ወገን በዚያ ሰማይ ላይ ሌላ ዓይነት አብራሪም በርሯል። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጦርነቱ ወቅት ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን አብርሯል። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀትና አብራሪዎችን በማሠልጠን ለዓመታት ሠራ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሱማሌ ወረራ ጊዜ ለረኃብተኞች እርዳታ ሊያደርስ ሄዶ ጎዴ ላይ ተገደለ። የመልካ ዲዳውን ታሪክ የሚያስተምር ሰው የሚኒቲን ስም ሲጠራ የፎን ሮዘንንም አብሮ ሊጠራ ይገባል። አንድ ዓይነት መሪ የጨበጡ ሁለት እጆች ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ያሳያልና።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ መጽሐፉ የጥናት ሥራ ነው። የግርጌ ማስታወሻው ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የኮሚቴ ስብሰባዎች ዝርዝር ትረካውን ያዘገየዋል። ቢሆንም ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ደራሲው ከማስረጃቸው በላይ አይናገሩም። ቁጣቸውን በጩኸት ሳይሆን በሰነድ አቀማመጥ ያሳያሉ። ስለ ደቡብ ግንባርና ስለ አየር ጦርነቱ አንድ መጽሐፍ ብቻ የማንበብ ዕድል ያለው ሰው ይህንን ቢመርጥ አይቆጭም።

ፍርዴ ይህ ነው። «በቦምብና በበጎ ሐሳብ መካከል» ወንጀለኛውን በራሱ ጽሑፍ የሚያስይዝ፣ የራሱንም ቤት የማይምር፣ በዘርፉ ሊታለፍ የማይችል ሥራ ነው። የጎደለው የእኛ ድምፅ ነው፤ ያንን የመሙላት ግዴታም የእኛ ነው። መጽሐፉ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ቢተረጎም፣ በነገሌ፣ በዶሎ፣ በሞያሌና በይርጋለም ያሉ ተማሪዎች የአገራቸውን ታሪክ በቋንቋቸው ያገኙታል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከአባቶቻቸውና ከእናቶቻቸው የሰሙትን የሚነግሩ አዛውንቶች ሳያልፉ ቃላቸውን መቅዳት ይኖርባቸዋል። መልካ ዲዳ ላይ የሞቱትን ኢትዮጵያውያን ስም ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እየጠየቀ የሚያሰባስብ ተመራማሪም ያስፈልጋል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ከራስ ደስታ ጋር ዘመቱ የተባሉ አያት ወይም ቅድመ አያት ካሉ፣ ስማቸውንና የተነገረልህን ዛሬውኑ ጻፈው።